ያንን ደብዳቤ ከመሳቢያህ አውጣው

ይድረስ ለምወድህ ጓደኛዬ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ይህን ያህል ዘመን ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ በደብዳቤ ስመጣብህ እንደሚገርምህ አውቃለሁ። የሆድ የሆዳችንን ስንገናኝ እንጫወታለን፤ አሁን ግን የሚያስቸኩል ጉዳይ አለኝ። ሐኪምህ ክብደት የሚቀንስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና እንዳዘዘልህ፣ የመሥሪያ ቤትህ ኢንሹራንስ «አልከፍልም» እንዳለ፣ አንተም ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከትተህ ዝም እንዳልክ ባለቤትህ ደውላ ነገረችኝ። ዝምታህን ከልጅነት ጀምሮ አውቀዋለሁ። እኔ ግን በዚያው መንገድ ስላለፍኩ አላስችል አለኝ።

በመጀመሪያ እምቢ ያሉበትን ምክንያት አንብብ። እምቢታው ሁለት ዓይነት ነው፤ መድኃኒቱም ለየቅል ነው።

አንደኛው «ውሉ ይህን ቀዶ ሕክምና አይሸፍንም» የሚለው ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች የሠራተኞቻቸውን ሕክምና የሚከፍሉት ከራሳቸው ካዝና ነው። ካርድህ ላይ ስሙ የሚታየው ኩባንያ ወረቀቱን ያመላልሳል እንጂ ምን እንደሚሸፈን የሚወስነው አሠሪህ ነው። እንዲህ ያለው ዕቅድ የሚተዳደረው እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የፌዴራል ሕግ ስለሆነ የግዛቶች የኢንሹራንስ ሕግ አይደርስበትም። ስለዚህ የዕቅዱን ማብራሪያ መጽሐፍ በጽሑፍ ጠይቅ፤ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ክልከላው እዚያ ውስጥ ሰፍሮ ከሆነ ከኢንሹራንሱ ጋር መጨቃጨቅ ድካም ብቻ ነው። የባለቤትህ መሥሪያ ቤት ዕቅድ ይሸፍን እንደሆነ አጣሩ፤ በየዓመቱ የምዝገባ ወቅት ሲመጣ መዛወር ይቻላል።

ሁለተኛው «የሕክምናው አስፈላጊነት አልተረጋገጠም» የሚለው ነው፤ ለእኔ የደረሰኝም ይኸው ነበር። ብዙዎቹ የሚጠይቁት ቢኤምአይ (ክብደት ከቁመት ጋር ሲመዛዘን የሚወጣው ቁጥር) 40 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም 35 ሆኖ ከስኳር፣ ከደም ግፊት ወይም በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ከሚያቋርጥ ሕመም ጋር መሆኑን ነው። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1991 የመጣ መለኪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የቀዶ ሐኪሞቹ ማኅበራት ዝቅ ቢያደርጉትም በአሮጌው የሚሠሩ ገና አሉ። ከዚያ የሥነ ልቦና ምርመራ፣ ከዚያ ደግሞ ለወራት በሥነ ምግብ ባለሙያ መከታተል ይመጣል።

የእኔ ክትትል ከዐቢይ ጾም ጋር ተገጣጠመ። ባለሙያዋ ደግ ሴት ናት። «ቁርስ ምን በላህ?» ስትለኝ «ምንም» እላለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደምጾም ማን ይንገራት? እሷም በየጊዜው «ቁርስ ይዘላል» እያለች ትመዘግባለች። ኢንሹራንሱ ያቺን መስመር ይዞ «የአመጋገብ መመሪያውን አልተከተለም» ብሎ መለሰኝ! ስቄም ተናድጄም አላባራሁም። ጾማችንን ሳስረዳት ባለሙያዋ ራሷ ማብራሪያ ጻፈችልኝ፤ ምስርና ሽሮው ምን ያህል ፕሮቲን እንዳላቸው ሳይቀር ዘረዘረችው። ይግባኙን ያስረታው እሱ ይመስለኛል። አንተም መዝገብህ ውስጥ ምን እንደተጻፈ ሳታይ ምንም አትላክ። ውሳኔው የተመሠረተበትን ሰነድና መስፈርት ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አለህ።

ይግባኝ ለማለት እምቢታው ከደረሰህ ቀን ጀምሮ 180 ቀን አለህ። ቀዶ ሐኪምህ በስልክ ከኢንሹራንሱ ሐኪም ጋር እንዲነጋገር ለምነው፤ ሐኪም ለሐኪም ሲነጋገር ከወረቀት ይሻላል። ይግባኙም ካልተሳካ፣ የመጨረሻው እምቢታ ከደረሰህ በአራት ወር ውስጥ ገለልተኛ ገምጋሚ እንዲያየው መጠየቅ ትችላለህ። እሱ የሚያየው ግን የሕክምና ዳኝነትን ነው፤ ውሉ በግልጽ የከለከለውን አይነካም።

ቀዶ ሕክምናውን አድርጌ አገግሜያለሁ። ቫይታሚን እስከ ዕድሜ ልክ መዋጥ አለ፤ ክትፎም ከጥቂት ጉርሻ በኋላ «በቃህ» ይለኛል። እንቅልፌ ግን ተመልሷል።

የደብዳቤውን ሁሉንም ገጽ ፎቶ አንስተህ ዛሬውኑ ላክልኝ፤ ቅዳሜ ሥራ ስለሌለኝ ይግባኙን አብረን በስልክ እንጽፈዋለን። ባለቤትህን ደግሞ ለምን ነገርሽው ብለህ እንዳትቆጣት።

ወንድምህ