አፈር ለምታጥበው ልጄ

ውድ ልጄ ትዕግሥት፣

በስልክ ስናወራ ድምፅሽ ቀዝቅዞብኝ ነበር። ለአርኪዮሎጂ ትምህርታችሁ የክፍል ጓደኞችሽ አክሱም ላይ የጥንት ግድግዳና መቃብር ሲቆፍሩ አንቺ በርሜል አጠገብ ሆነሽ አፈር እንድታጥቢ መመደብሽ ከፍቶሻል። እኔ ግን ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ደረሰሽ ብዬ አምናለሁ። ዕድሜዬን እህል ስመዝንና ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝና በዚህ ነገር የምለው አለኝ።

ዜና መዋዕል ንጉሡ የት እንደዘመተ፣ ለማን ግብር እንዳበላ ይነግረናል። አንዲት የአክሱም እናት ማታ ለልጆቿ ምን እንዳቀረበች የጻፈ ጸሐፊ የለም። ያንን የያዘው ከምድጃዋ የወደቀው ያረረ ፍሬ ነው። ደህናው እህል ወይ ተበልቷል፣ ወይ ነቅዟል፣ ወይ በስብሷል፤ ያረረውን ግን ከሰል ስለሆነ ትልም ሻጋታም አይደፍረውም። አፈሩን ውሃ ውስጥ ስትበትኚው ጠጠሩ ይዘቅጣል፣ ከሰሉ ይንሳፈፋል፣ በወንፊት ትቀበይዋለሽ። በአክሱም ስንዴ፣ ገብስ፣ ምስርና ጤፍ እንደነበሩ የታወቀው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው። ጤፍን ደግሞ አስቢው። አንዷ ፍሬ ርዝመቷ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ወንፊቱ ትንሽ ሰፋ ካለ ታመልጣለች፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ዘመን ጤፍ አልነበረም ተብሎ ይጻፋል። በእጅሽ ያለው ይህን ያህል ነገር ነው።

አጥንትና ጥርስም ስለ ምግብ ይመሰክራሉ፤ ብቻቸውን ግን አይበቁም። ዕፅዋት ከአየር ካርቦን የሚወስዱበት መንገድ ይለያያል። ጤፍ፣ ማሽላና የቆላ ሣር በአንድ ወገን፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ እንሰትና ዛፎች በሌላ ወገን ናቸው። ካርቦን ቀላልና ከባድ ዓይነት አለው፤ ከባዱ በመጀመሪያዎቹ ውስጥ በዛ ይላል፤ ልዩነቱም በበላተኛው አካል ውስጥ ይቀራል። አጽሟ እዚሁ ከቤታችን በላይ አምስት ኪሎ የተቀመጠው የድንቅነሽ ወገኖች፣ ከ3 ሚሊዮን ዓመታት በፊት፣ ከዛፍ ፍሬና ቅጠል ሌላ ከሣርና ከቄጠማ ወገን የሆነ ምግብ ይበሉ እንደነበር ከአፋሩ ሐዳር የተገኙ ጥርሶች ያሳዩት በዚህ መንገድ ነው። ሆኖም ጤፍ የበላ ሰውና ሣር የጋጠች ላም ወተት የጠጣ ሰው በአጥንታቸው ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩ ይችላሉ። ማን የቱን እንደበላ ለመለየት ያረረው ፍሬ ያስፈልጋል። እንደገና ወደ አንቺ በርሜል መጣን ማለት ነው።

ትተሽልኝ ከሄድሽው ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ ያስደነቀኝ የባሌው ፍንጫ ሀበራ ዋሻ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ተራሮቹ የበረዶ ግግር በነበራቸው ዘመን፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ሰዎች እየተመላለሱ ኖረውበታል። የሚበሉት ግዙፉን የባሌ ፍልፈል ነበር፣ በእሳት ጠብሰው። የተቃጠለው አጥንት በብዛት ተገኝቷል። ለመሣሪያቸው የሚሆነውን ባልጩት ከዚያም ከፍ ካለ ቦታ ያመጡት ነበር። ሐውልት አልተዉም፤ ይህን ሁሉ የነገረን አመዳቸውና የጣሉት ፍርፋሪ ነው። አራስ በዚያ ብርድ እንዴት ከረመች እያልኩ አስባለሁ።

የሐይቅ ጭቃም እንዲሁ ይናገራል። ጣና ከ17,000 ዓመታት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር ከሥሩ የወጣው ዝቃጭ አሳይቷል። ጣና ይደርቃል ብሎ ማን ያስብ ነበር!

ስለ ከተማችንም ላንሳ። ፒያሳና አራት ኪሎ ለአዲስ ሕንፃ መሠረት ሲቆፈር ጥቁሩ አፈር በገልባጭ መኪና ተጭኖ ሲሄድ አያለሁ፤ ያንገበግበኛል። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ የአካባቢው ዛፍ ለማገዶ አልቆ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ ዓለም ሌላ ከተማ እስከ መጀመር ደርሰው ነበር፤ ከተማዋን ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። ይህን ከሰነድ እናውቀዋለን። የአንድ ተራ ወታደር ወይም የአንዲት ጠጅ ጣይ ጓሮ የአመድ ጉድጓድ ቢገኝ ግን፣ ከሰል በአጉሊ መነጽር ሲታይ የዛፉን ዓይነት ስለሚያሳይ፣ በእነርሱ ቤት ጥድና ወይራ መቼ ቀርተው ባሕር ዛፍ መቼ እንደገባ ልናውቅ እንችላለን። ከአመዱ ጋር የወደቀው ፍሬና አጥንት ደግሞ ማዕዳቸውን ያሳየናል። ከተመረቅሽ በኋላ ይህን አስቢበት፤ እኔ ከልቤ የምመኘው ሥራ ነው።

ለአሁኑ አንድ አደራ አለኝ። የአፈሩ ከረጢት ከየትኛው ምድጃ፣ ከምን ያህል ጥልቀት እንደወጣ ሳይጻፍበት ከመጣ አታጥቢው፤ መልሰሽ ጠይቂ። ቦታው ካልታወቀ ማን እንደበላው ማወቅ አይቻልም። የወንፊቱን ቀዳዳ ልክም ጠይቀሽ ጻፊልኝ፤ ከግማሽ ሚሊሜትር የሚሰፋ ከሆነ ለኃላፊሽ በአክብሮት ንገሪያቸው።

እናትሽ