ዘሀርዬ፣ ሐረጎን ልወርድ ነው

ዘሀርዬ፣ ደህና ነሽ?

ኒካሽ ላይ አልመጣሁም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አውፍ በይኝ። ምክንያት አልደረድርም። ከደሴ ኮምቦልቻ መውረድ ያቃተኝ ሰው ነኝ፣ በቃ።

ናፍቆት ብቻ አስጻፈኝ ብልሽ ደስ ባለኝ። ናፍቀሽኛል፣ ወላሂ። ግን... ኬሚስትሪሽን ፈልጌ ነው። ሳቂ እንግዲህ።

ባለፈው ሴሚናር አቀረብኩ። በሕያው አይጥ ውስጥ አንድ ኢንዛይም ሥራ ላይ መሆኑን በብርሃን ስለሚያሳብቁ ኬሚካሎች ነው። ጥሩ እየሄድኩ ሳለ አንድ መምህር፣ «ኬሚካሉ የሚያበራበትን ኃይል ተሸክሞ የሚዞር ከሆነ ኢንዛይሙ ሳይደርስ ለምን አይበራም?» አሉኝ። ድርቅ አልኩ። አንቺ ብትኖሪ ከኋላ ሹክ ትዪኝ ነበር።

ማታ ከሰል ላያይዝ ክብሪት ሳነሳ ነው የገባኝ። ክብሪትም እሳቱን ይዞ ኪስ ውስጥ ይተኛል አይደል? ኃይሉ ያለው ዳዮክሴቴን የሚባለው ቀለበት ውስጥ ነው፤ ሁለት ካርቦንና ሁለት ኦክስጅን ተጨናንቀው። አጠገቡ ፌኖል የሚባል ክፍል አለ፤ የሱ ኦክስጅን በስኳር ታሽጓል። ቤታ ጋላክቶሲዴዝ የሚባለው ኢንዛይም ስኳሩን ሲቆርጠው ኤሌክትሮን ወደ ቀለበቱ ይሄዳል፣ ቀለበቱ ይፈርሳል፣ ኃይሉ ብርሃን ሆኖ ይወጣል። አንዱ ሞለኪውል አንዴ ነው የሚበራው፤ ኢንዛይሙ ግን ሳይደክም ሌላውን ይቆርጣል።

መንገዱን በ1987 (በፈረንጆቹ) ያሳየው ሻፕ የሚባል ኬሚስት ነው። ችግሩ ውሃ ውስጥ ብርሃኑ ድክም ይላል። በ2017 የቴል አቪቩ ዶሮን ሻባት ቡድን ፌኖሉ ላይ አክሪል የሚባል ቁራጭ ቢለጥፍበት እስከ 3,000 እጥፍ ደመቀ! እዚህ ጋ ብቻዬን ጮህኩ።

ደግሞ ከውጭ መብራት አይፈልግም። ፍሎረሰንስ (ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ የሚያበራው) ቢሆን አይጡ ላይ ስታበሪ የራሱ ሥጋም አብሮ ያበራና ያምታታሻል። እዚህ ጨለማ ሣጥንና ካሜራ ይበቃል። ሥጋን አልፎ የሚወጣው ግን ቀዩ ብርሃን ነው። መብራት ሲጠፋ ጣቴን በስልኬ ባትሪ ላይ አድርጌ አየሁት። እማ በር ላይ ቆማ «ይቺ ልጅ ምን ነካት» ትላለች።

ቅዳሜ ድጋሚ አቀርባለሁ። ሐሙስ ልምጣና ግማሽ ሰዓት ስሚኝ? የተሳሳትኩት ካለ እዚያው ስደቢኝ። ባልሽን ምን ብዬ እንደምጠራው እንኳ አላውቅም፤ እሱን አስቀድመሽ ንገሪኝ።

ለኒካሽ የገዛሁት ሲኒ እስካሁን እንደታሸገ ነው። ይዤው እወርዳለሁ።

ሰዓዳ