«ባዶ» ያሉት ቦታ ባዶ ላይሆን ይችላል

ይድረስ ለታሪካዊ መካነ መቃብሮች አስተዳደር ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

መሥሪያ ቤትዎ በአሮጌው መካነ መቃብር ጥግ ያለውን «ባዶ ቦታ» የመኪና ማቆሚያ ሊያደርገው እንደሆነ ማስታወቂያችሁ ላይ አነበብኩ። ይህን ደብዳቤ ያጻፈችኝ «ባዶ» የምትለዋ ቃል ናት። የመቃብር ድንጋይ የለም ማለት መቃብር የለም ማለት አይደለም። የእንጨት ምልክት ይበሰብሳል፣ ድንጋይ ወድቆ አፈር ይውጠዋል። ከመጀመሪያውም ምልክት የሚያቆምለት ያጣ ስንት አለ!

በ1991 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ለመንግሥት ሕንፃ ሲቆፈር የአፍሪካውያን መቃብር ወጣ። ቦታው በድሮ ካርታ ላይ ነበር። ግን በላዩ የተሠሩት ሕንፃዎች አጥፍተውታል ተብሎ ተገመተ። መቃብሩ ግን ከወፍራም ሙሌት አፈር ሥር ተኝቶ ነበር። የ419 ሰዎች አጽም ከወጣ በኋላ ነው የግንባታው ዕቅድ የተለወጠው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰው ይላኩ። ፀሐይ ዝቅ ስትል፣ ጎንበስ ብሎ መሬቱን የሚያይ። የሬሳ ሳጥን ሲበሰብስ በላዩ ያለው አፈር ይሰምጣል፤ ሰው የሚያህል ጠባብ ጥላ ይፈጥራል። አንድ ብቻ ከሆነ የተነቀለ ዛፍ ጉድጓድ ይሆናል። በረድፍ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ቀጥሎ ራዳር፤ ከመሬት በታች ያለውን የሚፈትሽ፣ በጋሪ ላይ የሚገፋ መሣሪያ። ብዙ ሰው አጽም ፎቶ የሚያነሳ ይመስለዋል። የለም! ጋሪውን እንገፋለን፣ እሱ ወደ መሬት ሞገድ ይልካል፣ ሞገዱ የተለየ ነገር ሲያገኝ ነጥሮ ይመለሳል። ስክሪኑ ላይ የምናየው የተደፋ ሳህን የመሰለ ቅስት ነው። ሳጥን ሊሆን ይችላል፣ ትልቅ ድንጋይም ሊሆን ይችላል። ጋሪው ጎን ለጎን በሚሄድባቸው በሚቀጥሉት መስመሮች ላይ ካልተደገመ አናምነውም። መስመሮቹ በግማሽ ሜትር፣ ቢቻል በ25 ሴንቲ ሜትር መቀራረብ አለባቸው። አለበለዚያ የጨቅላ መቃብር በመሃል ሾልኮ ይቀራል። እርጥብ ሸክላማ አፈር ደግሞ ሞገዱን ይውጠዋል። ያኔ ሌላ መሣሪያ መጨመር ነው፤ የመግነጢስ ለውጥ የሚለካው ማግኔቶሜትር ለምሳሌ የሳጥን ምስማር ሊጠቁም ይችላል።

ተቋራጩ «ራዳሩ ምንም አላሳየም» የሚል አንድ ገጽ ይዞ ቢመጣ እንዳይፈርሙ። አፈሩ ምን ዓይነት እንደነበር፣ መስመሮቹ ምን ያህል እንደተራራቁ ይጠይቁት።

እርግጡን ለማወቅ የላይኛውን አፈር አርኪዮሎጂስት ባለበት በስሱ መግፈፍ ይበጃል። የተቆፈረ መቃብር ተመልሶ ሲሞላ የላይና የታች አፈር ይደባለቃል። ከተገፈፈ በኋላ ባልተነካው አፈር ላይ ዥንጉርጉር አራት ማዕዘን ይታያል። እዚያው ላይ ማቆም ይቻላል፤ አጽሙን መንካት አያስፈልግም።

ለዛሬ ግን አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት፦ በቀብር መዝገቡ ያሉትን ስሞችና የቆሙትን ድንጋዮች አስቆጥረው ያስተያዩ። ልዩነቱ ስንት እንደሆነ እስኪታወቅ ግሬደሩ ይቁም።

ከአክብሮት ጋር፣
የራዳር ጋሪ ገፊ