አግዳሚ ወንበሩ የሚያልቀው ከእግሩ ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ለደብረ ብርሃን መንገድ ዳርና አደባባይ ጌጥ የሌለው፣ ቀላል አግዳሚ ወንበር ይበቃል። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ውርጭ በሚጥልባት ከተማ ግን መቀመጫው ላሜራ መሆን የለበትም፤ ማለዳ ማን ይቀመጥበታል? እንጨት ይሁን፤ ከመሬት 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ በጣውላዎቹ መካከል 1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተውለት፤ ያለዚያ ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል። ባሕር ዛፍ በየደጁ አለ፤ እርጥቡ ከተገጠመ ግን በጋ ሲገባ ይጣመማል፣ ብሎኑ ቀዳዳ ላይም ይሰነጠቃል። በጥላ ሥር፣ አየር እንዲያልፍበት ተደርድሮ ይድረቅ። ጥድ ከተገኘማ መበስበስን ይበልጥ ይቋቋማል።

ትልቁ ጥፋት እግሩ ላይ ነው። እግር የሚሆነው ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) በቀጥታ ኮንክሪት ውስጥ ሲቀበር ዙሪያውን ውሃ ይተኛበትና ኮንክሪቱ ከሚያልቅበት ላይ፣ ጣት በምታህል ቦታ፣ ዝገት ይበላዋል። ቀለሙ ደህና መስሎ ሳለ ውስጡ ወንፊት ሆኗል። ስለዚህ ኮንክሪቱ ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር ይውጣ፣ አናቱ ወደ ውጭ ይዘቅዝቅ። እግሩ ከሥሩ ወፍራም ላሜራ ተበይዶለት ከኮንክሪቱ ጋር በብሎን ይታሰር፤ ሲበላሽ ሳይቆፈር ይቀየራል። ዝገት የሚከላከለው ቀለም፣ አንቲረስቱም፣ ከብየዳው በኋላ ይቀባ፤ ቀድሞ ከተቀባ የብየዳው እሳት ያቃጥለዋል። ለአረጋውያን ደግሞ ከየሦስቱ ወንበር አንዱ መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ይኑረው፤ ተደግፈው የሚነሱት በእሱ ነው።