ስኳሩን አትንፈጉት

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው ሳምንት በቤተሰብ ዓምዳችሁ፣ በእንጨት የሚያዝ የፍራፍሬ በረዶ ቤት ውስጥ ስለማዘጋጀት የወጣውን አነበብኩ። ሙቀቱ ሲበረታ ይህን መጻፋችሁ ደግ ነው። ግን «ጁሱን በውኃ አቅጥኑ፣ ስኳር የሚባል አታስገቡ፣ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ» የሚለው ምክር አላስተኛኝም። ጡረታ የወጣሁ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። አያትም ነኝ። በሁለቱም በኩል ዝም ማለት አቃተኝ።

በዚያ መንገድ የሚወጣው ድንጋይ ነው። ልጆቹ ጥርስ አልገባ ሲላቸው ይመጥጡታል። ያን ጊዜ ቀለሙና ጣዕሙ ቀድሞ ያልቅና እጃቸው ላይ ነጭ በረዶ ይቀራል። ምክንያቱ ይህ ነው። ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ስኳሩን ከመሀሉ ገፍቶ ያወጣዋል። የተገፋው ስኳር ካልረጋው ውኃ ጋር ወፍራም ሽሮፕ ሆኖ በበረዶው ቅንጣቶች መካከል ይቀመጣል። ያ ሽሮፕ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ እንኳ ሙሉ በሙሉ አይረጋም። በረዶው ሲነከስ እሺ የሚለው በእሱ ምክንያት ነው። ማጣፈጡ የስኳሩ ግማሽ ሥራ ብቻ ነው።

ለልጆቹ ጤና አስባችሁ እንደሆነ ይገባኛል። እንግዲያው ሒሳቡን እንሥራው። ከ100 ግራም የበሰለ ማንጎ ወደ 14 ግራም የሚጠጋው ስኳር ነው። ሐብሐብ 6፣ እንጆሪ ደግሞ 5 ግራም ገደማ ቢኖራቸው ነው። እኔ የፍሬውም የሚጨመረውም ተደምሮ ጠቅላላው ስኳር ከ15 እስከ 20 በመቶ እንዲሆን አደርጋለሁ። በዚህ ስሌት ለግማሽ ኪሎ የተፈጨ ማንጎ 25 ግራም ስኳር ይበቃል። ለግማሽ ኪሎ እንጆሪ ግን 80 ግራም ያስፈልጋል። ስኳር መቀነስ የፈለገ ሰው ጣፋጩን ፍሬ ይምረጥ፣ ወይም እንጆሪው ላይ ሙዝ ይጨምር። ሙዝ ጣፋጭም ነው፣ ወፍራምም ነው። ድብልቁ ሲወፍር የበረዶው ቅንጣት ትንንሽ ሆኖ ይቀራል። ውኃ መጨመር ግን የባሰ ያደርገዋል።

ድብልቁን ፍሪዘር ሳይገባ ስትቀምሱት «ትንሽ ጣፋጩ በዛ» ካሰኛችሁ ልክ ነው። የቀዘቀዘ ምላስ ጣፋጭ አጥርቶ አይለይም።

አናናስና እርጎ አብራችሁ ፍጩ ማለታችሁስ? ጥሬ አናናስ የወተትን ፕሮቲን የሚበጣጥስ ኢንዛይም አለው። ድብልቁ ቶሎ በረዶ ካልሆነ መራራ ይሆናል። አናናሱን ለጥቂት ደቂቃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ነው መፍትሔው። በስኳር ፈንታ ማር የምትጠቀሙም ካላችሁ፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። ደግሞም ፍሪዘር ብዙውን ጀርም አይገድልም፣ ያስተኛዋል እንጂ። ፍሬውን በደንብ ማጠብና ንጹሕ ውኃ መጠቀም ጽሑፋችሁ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አላገኘም።

ስለ እንጨቱ ደግሞ። ፍራንክ ኤፐርሰን የተባለ የ11 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1905 የለስላሳ መጠጥ ዱቄት የበጠበጠበትን ብርጭቆ ከነመማሰያው ውጭ ረስቶት አደረ፣ በረዶም ሆኖ አገኘው ይባላል። አድጎ በ1924 ፓተንት አወጣበት። የእሱ እንጨት ብርጭቆው ላይ ተደግፎ ሳይሆን አይቀርም። የእኛ ግን ቀድሞ ከገባ ይጋደማል። አንድ ሰዓት ያህል ጠብቃችሁ፣ መያዝ ሲጀምር አስገቡት። የቸኮለ ሰው ኩባያውን በፎይል ሸፍኖ መሀሉን ይብሳው። አፉ ድረስም አትሙሉት። ውኃ ሲረጋ 9 በመቶ ያህል ይሰፋልና። ለማውጣት ኩባያውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ሰከንድ መንከር ይበቃል። እንጨቱን መጎተት አያስፈልግም።

በሚቀጥለው እትማችሁ የስኳሩንና የአናናሱን ነገር ብታስተካክሉልኝ ደስ ይለኛል። መጠኑንም እባካችሁ በግራም አድርጉት። የሁሉም ሰው ስኒ እኩል አይደለም።

ከሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛዋ መምህርት