ሽሮው እስኪንተከተክ

ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህት ዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? እናትሽ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ብቻ ነው ያስቸገረኝ።

ከተጻጻፍን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። መጀመሪያ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። ሲመለስ ደግሞ ዛሬ እጽፋለሁ፣ ነገ እጽፋለሁ ስል ቀኑ ገፋ። በቆየ ቁጥር አፈርኩ። መውለድሽን እንኳ የሰማሁት ከሰው አፍ ነው። እንኳን ማርያም ማረችሽ። ቢዘገይም ከልቤ ነው።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ የቤት ሥራ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ አሁን የመምህርነት ዲፕሎማውን እየተማርኩ ነው። ለልምምድ እዚሁ ከተማ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድቤ ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ክፍሉ ውስጥ 62 ልጆች አሉ። ፔሬዱ 40 ደቂቃ ነው። ስም ጠርተሽ፣ ሰሌዳ አጥፍተሽ፣ ያለፈውን አስታውሰሽ 30 ደቂቃ አይተርፍሽም። እኔም እንደ ሌላው አደረግኩ። ሳስረዳ ሰዓቱ ያልቃል፤ ደወል ሲደወል "ከ1 እስከ 10 ቤታችሁ ሥሩ" ብዬ እወጣለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ደብተር ሰበሰብኩ። ማታ ሳርም 23 ደብተር ላይ "7 ሲባዛ በ8 ይሆናል 54" የሚል አገኘሁ። ያው ስህተት፣ ያው መስመር ላይ። ከዚያ በታች ያለው ስሌትም በ54 ቀጥሏል። አንዱ ተሳስቷል፣ ሌላው ገልብጧል። አልዋሽሽም፣ ተናደድኩ።

ሐሳቤ በማግስቱ 23ቱን አስነስቼ ላሳፍራቸው ነበር። ከዚያ ያ መምህራችን ትዝ አለኝ፣ የቤት ሥራ ያልሠራን ሁላችንን በር ላይ ያንበረክከን የነበረው። ጠጠሩ ጉልበትሽን እየወጋሽ ስለ ሒሳብ ምን ታስቢያለሽ? ተውኩት። በምትኩ ከአሥሩ ጥያቄ የአንዱን ቁጥር ቀይሬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና "አሁን፣ እዚሁ ሥሩ" አልኳቸው። እኔ በዴስኮቹ መሃል እዞራለሁ።

በዚያች ሩብ ሰዓት ያየሁትን ሁለት ሳምንት ሙሉ አላየሁትም። የቤት ሥራው ላይ 10 ከ10 ያገኘ ልጅ እስክሪብቶውን ይዞ ተቀምጧል፤ የመጀመሪያውን መስመር እንኳ መጻፍ አቅቶታል። ሌላው ደግሞ ዘዴው ገብቶታል፤ ቁጥሩን ወደ ማዶ ሲያሻግር ምልክቱን አለመቀየሩ ብቻ ነው ችግሩ። አጠገቡ ቆሜ በጣቴ ሳሳየው "አሃ!" አለ። ይሄ ልጅ ቤቱ ቢሆን አሥሩንም በዚያው ስህተት ሠርቶ፣ ስህተቱን ለምዶት ይመጣ ነበር። እኔም ኤክስ አድርጌበት እመልስለት ነበር።

ከሁሉም ቀድማ የጨረሰችው ግን የቤት ሥራ አትሠራም የምትባል ልጅ ናት። ሰኞ ሰኞ ደብተሯ ባዶ ነው። በእረፍት ሰዓት ጠራኋት። የመጣችው ከባሶና ወራና ገጠር ነው። ከሁለት ወንድሞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ቤተሰቧ ትሄዳለች፤ እሁድ ማታ በሶና ድርቆሽ፣ ሽሮና ኩበት ተሸክማ ትመለሳለች። በሌላው ቀን እሷ ታበስላለች፣ ወንድሞቿ ያጠናሉ። "እነሱ ሲጨርሱ መብራቱ ይጠፋል፣ ቲቸር" አለችኝ። ሌላ ነገር አልጠየቅኳትም።

አንቺን ያስታወሰችኝ እሷ ናት። መሃል ሜዳ ከተማ የተከራየናት ያቺ ክፍል። አከራያችን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መብራቱን ስታጠፋብን። እኔ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ አንቺ ኩበቱን እፍ እያልሽ፣ ዓይንሽ በጭሱ እያነባ። ሽሮው እስኪንተከተክ እኔ የቤት ሥራዬን ጨርሻለሁ። አንቺ በማግስቱ ጠዋት፣ ደወል ሳይደወል፣ አጥሩ ስር ቁጭ ብለሽ ከእኔ ትገለብጪያለሽ። ሁለታችንም እኩል ማርክ ይሰጠን ነበር። እኔ ውለታ የዋልኩልሽ ይመስለኝ ነበር። እሳቱን አንቺ እንድትይዢ ማን እንደወሰነ አላስታውስም። ተራ እንኳ አልገባንም።

በ2009 የአሥረኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ እኔ መሰናዶ ገባሁ፣ አንቺ ቀረሽ። ሰው "ድሮም ሰነፍ ነበረች" ሲል ሰምቼ ዝም አልኩ። ሰነፍ እንዳልነበርሽ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ሰሌዳ ላይ ስንወጣ ከእኔ ቀድመሽ ትጨርሺ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ።

የሚከታተሉኝ መምህር በክፍል ሥራው ነገር አይስማሙም። ብዙ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ አከብራቸዋለሁ። "እንዲህ ከቆየሽ ምዕራፉ አያልቅልሽም" አሉኝ። የ12ኛ ክፍልንም ፈተና አነሱ። በ2014ቱ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። "ብቻውን መታገል ያልለመደ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ሲፈተን ምን ይውጠዋል?" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ብቻ መታገል ያስፈልጋል። ግን እኮ ቤት ውስጥ መታገል የሚችለው መብራትና ጊዜ ያለው ልጅ ነው። የ23ቱ ደብተር የነገረኝ ይህንኑ ነው፤ ሌሎቹ ለመታገል አልተቀመጡም፣ ማርኩን ነው የፈለጉት።

ማርኩ ደግሞ የእኛ ጥፋት ይመስለኛል። ተከታታይ ምዘና ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ጀምሮ አለ። እኔ እንደገባኝ ልጁ የት ላይ እንደወደቀ ቶሎ ለማየት ነው። እኛ ጋ ግን ነጥብ መልቀሚያ ሆኗል። የተገለበጠ ደብተር ከ10 9 ያገኛል፣ የዚያች ልጅ ደብተር ዜሮ።

ለጊዜው እንዲህ እያደረግኩ ነው። 20 ደቂቃ አስረዳለሁ፣ በቀረው ይሠራሉ። 62ቱንም በአንድ ቀን ማዳረስ አልችልም፤ ዛሬ ሁለት ረድፍ፣ ነገ ሌላ ሁለት ረድፍ እያልኩ ነው። ለቤት የምሰጠው ክፍል ውስጥ ከጀመሩት ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። ዓርብ ምንም አልሰጥም። ማርክ አልይዝበትም። "እስከደረሳችሁበት ጻፉ፣ የቆማችሁበት ላይ ክብ አድርጉ" እላቸዋለሁ። የሚገለብጡ አሁንም አሉ። ከሌሎቹ ክፍሎችም ግማሽ ምዕራፍ ወደ ኋላ ቀርቻለሁ። እሱ እንቅልፍ ይነሳኛል፤ ልምምዴ አልቆ ስሄድ ጉድለቱ የሚቀረው ለልጆቹ ነው።

ያቺ ልጅ ባለፈው ረቡዕ ደብተሯን አሳየችኝ። አንዱን ጨርሳለች፣ ሁለተኛው ላይ ክብ አድርጋለች። ወረቀቱ ሽሮ ነክቶታል። አብረን ቁጭ ብለን ጨረስነው።

መንገዱ ሰላም ከሆነ ለሆሳዕና እመጣለሁ። ሽሮውን እኔ እሠራለሁ፣ አንቺ ልጅሽን ታቅፈሽ ቁጭ ትያለሽ። ለእናትሽ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

እህትሽ