ጉዳዩ፦ የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎችን ክትትል ይመለከታል

ለጤና ጣቢያው ኃላፊ

እናቴ ስኳርና ግፊት አለባት፤ ክትትሏም እናንተ ጋ ነው። የጤና መድን መዋጮዋን በየዓመቱ በጊዜው ትከፍላለች። መድኃኒት ቤታችሁ መስኮት ላይ ስትደርስ ግን የስኳሩ ሜትፎርሚን ካለ የግፊቱ አምሎዲፒን የለም። አምሎዲፒን ሲመጣ ሜትፎርሚን አልቋል። "ከውጭ ግዙ" እንባላለን። ከውጭ የገዛነውን መድኑ አልመለሰልንም።

እነዚህ ብርቅ መድኃኒቶች አይደሉም። የቆዩና ርካሽ ናቸው፤ በአገሪቱ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አሉ።

ብር ሲያጥራት የግፊቱን ክኒን ለሁለት ትሰብረዋለች፣ ወይ አንድ ቀን እያሳለፈች ትውጣለች። ብንቆጣትም አትሰማም፤ አያማትማ! ግፊት ብዙ ጊዜ ስሜት የለውም። ስትሮክ ወይም የኩላሊት ጉዳት እስኪያመጣ ድረስ ዝም ይላል።

ካርዷ ደግሞ ካርድ ክፍል ይጠፋል። ሐኪሙም ተቀይሮ ይጠብቃታል። "ማዘር፣ መቼ ነው የጀመረዎት? ምን ይወስዳሉ?" ይላታል እንደ አዲስ። እሷ መድኃኒቷን የምታውቀው በስሙ ሳይሆን በመልኩ ነው። "ያቺ ትንሿ ነጭ" ብላ ትመልሳለች። ነጭ ክኒን ስንት አለ?

እንዴት እንደሚሠራ ግን ታውቁበታላችሁ። እዚያው ግቢያችሁ ያለውን የኤችአይቪ ክፍል ማየት ይበቃል። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት ለደሃ አገር አይሆንም ያሉ ነበሩ። ዛሬ ከቀጠሮው የቀረ ሰው ተደውሎለት ይፈለጋል። ጤናው የተረጋጋለት የስድስት ወር መድኃኒት ይዞ ይሄዳል። ለዚያ የግሎባል ፈንድና የፔፕፋር ገንዘብ እንደነበረበት አውቃለሁ። ለግፊትና ለስኳር እንዲህ ያለ ለጋሽ የለም። ቢሆንም መዝገብ ለመያዝና ስልክ ለመደወል ለጋሽ አያስፈልግም።

ለመድኃኒት ቤታችሁ መድኃኒት የምታዝዙትም ባለፈው ጊዜ በወጣው ልክ ከሆነ፣ ሲጀመር ያልነበረ መድኃኒት አልወጣምና ትእዛዙ ሁሌም ያንሳል። በክትትል ላይ ባሉት ታካሚዎች ብዛት አስሉት። አቅርቦቱ ሲስተካከል ደግሞ ግፊታቸው ለተረጋጋ ቢያንስ የሦስት ወር ስጡ። አንድ ወር እየቆጠሩ አሮጊት ማመላለስ ለእናንተም ወረፋ ከማብዛት በቀር ምንም አይጠቅም።

ከውጭ የገዛንባቸውን ደረሰኞች ከካርድ ቁጥሯ ጋር አያይዣለሁ። ገንዘቡ ከመድኑ የሚመለስ ከሆነ በየት በኩል እንደምንጠይቅ፣ የማይመለስ ከሆነም ምክንያቱን በጽሑፍ አሳውቁን።

ከሰላምታ ጋር
የታካሚዋ ልጅ